ልጄ የከለከለው ድንኳን

ልጄ ከሰው ፊት ቆሞ መናገር የጀመረ ጊዜ እኔ የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ነበር። እንጀራዬ ከጣና ዳር ነው። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ጠዋት ይዘው የሚወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ዓሣ ተረክቤ፣ አጥቤ፣ ሆዱን ከፍቼ ለምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የቀበሌያችን አዳራሽ ከዚያ ሩቅ ስላልሆነ በድምፅ ማጉያ የሚባለው ሁሉ እስከ ውኃው ይሰማል። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ቢላዋዋን ያዝ አድርጋ፣ ይኼ ያንቺ ልጅ አይደለም እንዴ አለችኝ። ነው አልኋት። ድምፁ ያምራል። ሰው ሲያጨበጭብለትም ሰማሁ። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ዓሣዬ ላይ አቀርቅሬ መፋቄን ቀጠልሁ።

እኔ ሲፈጥረኝ ፈሪ ነኝ። አንበሳሜ ገጠሩ ውስጥ እናቴ፣ ሰው ከተሰበሰበበት አትቁሚ፣ ስምሽ አይጠራ፣ እያለች ነው ያሳደገችኝ። ትምህርቱንም ገና ፊደል ለይቼ ማንበብ እንደ ጀመርሁ አስተዉኝ። ባሌ ለሥራ ብሎ ወደ ቆላ ወርዶ በዚያው ቀረ። ልጄን ብቻዬን ሳሳድግ የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም የማያየው ሰው ሆኖ ቢኖርልኝ። እሱ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ዝም ማለት የማይሆንለት ሆነ።

ከመንግሥት ጋር የቆመው ለጥቅም ብሎ አይደለም። ሰው እንዲያ ይለዋል፤ እኔ ግን አውቃለሁ። አብሮ አደግ ጓደኛው ፖሊስ ሆኖ ነበር። ከዱርቤቴ ሲመለስ ጫካ የወጡት ሰዎች ከመኪና አውርደው ገደሉት። ልጄ ሬሳውን ተሸክሞ ቀብሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የገባ። ከዚያ በኋላ ቀበሌው የወጣቶቹን ሥራ ሲሰጠው እሺ ብሎ ያዘ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እሱ ነው የሚናገር። ካድሬው ይሉት ጀመር። አንዳንዱ ፊት ለፊት፣ አንዳንዱ ባጃጅ ውስጥ እኔ መኖሬን ሳያውቅ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በድንኳን ነው።

በሌላ ሰፈር ጫካ ገብቶ ለሞተ ልጅ እድሩ ድንኳን ተከለለት። ለቅሶው ላይ ወጣቶች ፎከሩ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ወታደር መጣ፤ ሰው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ቀበሌው፣ ለጫካ ሰው ድንኳን የሚተክል እድር ይፈርሳል አለ። የኛ እድር ሲሰበሰብ ይኼንን ይዞ የመጣው ልጄ ነው። ሰውን ለማስረዳት ሲቆም ቃሉን አሁንም አስታውሰዋለሁ፤ መንግሥትን ሊገድል የወጣ ሰው ሞቱም ለቅሶውም እዚያው በወጣበት ይቅር፤ ድንኳኑ የሁላችን ነው፤ ለአንድ ሰው ብለን የሁላችንን ቀባሪ አናፍርስ፤ አለ። አባባሉም ያሳምናል። ሰዉ ግማሹ አምኖ፣ ግማሹ ፈርቶ እጁን አነሣ።

ከጎኔ አበልጄ ተቀምጣ ነበር። አበልጄ የምላት የአጥር ጎረቤቴን ነው። ነፍሱን ይማረውና ባሏ የልጄ የክርስትና አባት ነበር። የሷ አንድ ልጅና የኔ አንድ ልጅ እንደ አንድ ቤት ልጆች ነው ያደጉ፤ አጥሩ እንኳ መሹለኪያ ያለው እነሱ ሲመላለሱ ስለሰበሩት ነው። ሲያድጉ ግን በአሳብ ተለያዩ፤ በአጥሩ ላይ ቆመው ይጨቃጨቁ ጀመር፤ በኋላ ጭቅጭቁም ቀረና ተዘጋጉ። የሷ ልጅ አንድ ቀን ሰባታሚት ዘመድ ጥየቃ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። የት እንደ ሄደ ሁላችንም ገብቶናል፤ አፍ አውጥቶ የጠየቃት ግን የለም።

ያን ዕለት እጅ ሲነሣ ቀና ብላ ልጄን አየችው። ከዚያ እሷም እጇን አነሣች። ባታነሣ ዓይን ሁሉ ወደሷ ይዞር ነበር። በገዛ ልጇ ላይ እጇን አነሣች ማለት ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ክረምቱ አለፈ። ኔትወርኩም መንገዱም ሲዘጋ ሲከፈት፣ በመስከረም ማለቂያ ላይ አበልጄ ከቤት መውጣት ተወች። በአጥሩ ሾልኬ ብጠይቃት ወገቤን ነው አለችኝ። የዓሣ ሾርባ ሠርቼ ወሰድሁላት። በሩን ገርበብ አድርጋ ከእጄ ተቀበለችኝና አመሰገነችኝ። ፊቷ አብጦ ነበር። ብርድ ነው ብዬ ነው የተመለስሁ።

ልጄ ነው ያወቀው። እሑድ ቅዳሴ ቆሞ ሳለ ነው። ካህኑ የሙታኑን ፍትሐት ሲያደርሱ፣ «ነፍሰ ገብርከ»፣ የባሪያህን ነፍስ፣ እያሉ የክርስትና ስም ይጠራሉ። በቤት ስሙ ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ያውቀው ነበር። የክርስትና ስምን ግን የሚያውቀው የነፍስ አባትና ቤተሰብ ነው። አበልጄ መርዶው በስውር ደርሷት፣ ይኼንን አስባ ስሙን ለካህኑ ሰጥታለች፤ ልጇን ከሰው ደብቃ ከእግዚአብሔር ፊት አቁማዋለች። የኔ ልጅ ግን የክርስትና ወንድሙ ነው። ባንድ ላይ ቆርበዋል፤ ለአንድ የነፍስ አባት ተናዝዘዋል። ስሙን ሲሰማ አወቀ።

ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሞቷል ወይ አለኝ። ማን አልሁት። በእጁ ወደ አጥሩ አሳየኝ። እሱ ቆሞ አልጠበቀኝም፤ በመሹለኪያው ሄደ። ተከተልሁት።

በሩን ሳያንኳኳ ነው የገባ። አበልጄ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አልጋው ላይ የልጇን ልብስ ዘርግታዋለች፤ ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ከግርጌ ጫማውን። ሬሳ የሌለው ሰው እንደዚያ ነው የሚያለቅስ፤ ልብሱን ይዞ ደጅ ይወጣል፤ ሙሾ ይወርዳል፤ ሰው ይሰበሰባል። እሷ ደጅ አልወጣችም። የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ታለቅሳለች። ጨርቁ ከመነከሱ ብዛት ተበሳስቷል። ስታየን ከአፏ አወጣችው።

ልጄ ከበሩ ደፍ ላይ ተንበረከከ። እሷ ናት የተናገረች።

«ድምፅ ባወጣ ትከሰኛለህ?»

ልጄ ዓይኑን አልጋው ላይ ካለው ሹራብ አሳረፈ።

«እጄን አንሥቼልሃለሁ እኮ። አይተኸኛል። ሌላ ምን ላድርግልህ?»

ይኼን ስትል ቁጣም የለባት። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። እሱም፣ ድንኳኑን ላስወጣልሽ ብሎ ጠየቃት። እሷም፣ የፈለግኸውን አድርግ፤ እኔ ከእንግዲህ የሚወሰድብኝ የለም አለችው። እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። እኔ ግን የሚወሰድብኝ ነበረኝ።

ያን ሳምንት ያልለመንሁት የለም። ሲወጣ ሲገባ ለመንሁት፤ ሲበላ ለመንሁት። በልብህ አዝነሃል፤ እግዚአብሔር አይቶሃል፤ ይበቃል አልሁት። በስውር ቤቷ ገብተን እንላቀስ፤ ለምን አደባባይ ትወጣለህ አልሁት። ሁሉንም ይሰማኛል። ሰምቶ ሲያበቃ ያንኑ ይላል። እማ፣ በአደባባይ ነው የከለከልሁ፤ በስውር አይነሣም።

እድሩ የሚሰበሰበው ከቅዳሴ በኋላ በድንኳኑ መጋዘን ደጅ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ነው። ዳኛው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ቀልድ የሚወዱ፣ ግን ሲፈርዱ ፊታቸው የማይፈታ። ልጄ እጁን አውጥቶ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ቀበሌው ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ተመቻቸ፤ እንደ ሌላው ጊዜ ሊናገር ነው ብሎ ነዋ።

«ባለፈው እዚህ ቆሜ ያልሁትን ታስታውሳላችሁ» አለ። «ዛሬ ያንን ላነሣ ነው የመጣሁ። ተሳስቻለሁ። ጫካ የወጡትን ደግፌ አይደለም። ጓደኛዬን ገድለውብኛል፤ አልረሳሁትም፤ ዛሬም ከነሱ ጋር አይደለሁም። ግን ከመካከላችን አንዲት እናት ልጇ ሞቶ ጨርቅ ነክሳ ስታለቅስ አየሁ። ያስነከስኋት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው ወገን የለውም። ድንኳኑ ይውጣላት።»

ከኋላ አንድ ሰው፣ አንተ ልጅ፣ ባለፈው አንሡ አልኸን አነሣን፤ ዛሬ አውርዱ ትለናለህ፤ ክንዳችን ደከመ እኮ፤ አለና ሰዉን አሳቀው። ከወጣቶቹ ወገን አንዱ ደግሞ፣ ካድሬ ሲጨንቀው ንስሐ ገባ አለ። እሱም ሳቅ አገኘ። የቀበሌው ሰውዬ ግን አልሳቀም። ፈገግታውም ጠፍቷል። ልጄን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያይ።

ዳኛው፣ ውሳኔ የሚሻረው በውሳኔ ነው፤ ይውጣ የምትሉ እጃችሁን አንሡ አሉ። ጥቂት አሮጊቶች አነሡ። እኔ እጄን ከነጠላዬ ውስጥ ይዤ ቀረሁ። ብቻውን ከቀረ ይተወዋል ብዬ ነው፤ ተሸንፎ ቤቱ ቢገባ በሕይወት ይገባል ብዬ። እጁ ተቆጠረና አልሞላም።

ዳኛው ባርኔጣቸውን አነሡ። «እንግዲህ እድሩ ድንኳን አያወጣም» አሉ። ጥቂት ሄድ ብለው ዞር አሉና፣ «የመጋዘኑ በር ሰሞኑን አልዘጋ ብሎኛል። ብዙ ባትነካኩት» ብለው ወደ ቤታቸው አዘገሙ። በሩ ምንም አልሆነም። ቁልፉን ሰክተው ነው የሄዱት።

ሰዉ ሲበተን ልጄ በሩ ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ከወረታ መጥተው እዚህ ጨርቅ የሚነግዱ የሰፈራችን እስላም ሐጂ አሉ። እድሩ ውስጥ ከኛ ጋር ኖረዋል፤ ባለቤታቸው ስታርፍ እኛው ነን ድንኳን የተከልንላቸው። እሳቸው ቀርተው ነበር። ወደ በሩ ሄዱና፣ «እጄን አላነሣሁም፤ ሱቅ አለኝ፤ ልጆች አሉኝ» አሉት። «ትከሻዬን ግን ማንም አልቆጠረውም። በል የዚያኛውን ጫፍ ያዝ።» ምሰሶውን ተሸክመው ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ። የሚቀመጥበት ግን የለም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ ድንኳን ተተክሎ ሰው የሌለበት። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ክፍተት ያያል። ሐጂው ጫፉ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ልጄ ምሰሶውን ተደግፎ ቆሟል። እኔ መኪና በመጣ ቁጥር ወደ መንገዱ አያለሁ።

አበልጄ ልብሱን በክንዷ ይዛ ወጣች። ሹራቡን ከፍ አድርጋ ያዘችውና ያን ሁሉ ቀን አፍና የያዘችውን ድምፅ ለቀቀችው። ምን እንዳለች አልናገረውም፤ ሙሾዋ የሷ ነው። ሴቶቹ ድምፁን ሲሰሙ ቤት መቀመጥ አቃታቸው። አንዷ መጣች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወንዶቹ ግን እያመነቱ ከሰዓት በኋላ ነው የመጡ፤ ያውም ሁሉም አይደሉም።

ከመጡት መካከል የሟቹ ጓደኞች ነበሩበት። ልጄን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። አንዱ ቀርቦ፣ «አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ? የምታለቅሰውን ሰው ስም ልትጽፍ ነው?» አለው። ልጄ ምሰሶውን አልለቀቀም። ሌላው በክርኑ ገፋው። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። አበልጄ ልቅሶዋን አቋርጣ ወደነሱ ዞረች።

«ተዉት ይቀመጥ» አለች። «የባሌ የክርስትና ልጅ ነው። እኔና እሱ ያለንን እኛው እንጨርሰዋለን።»

ተቀመጠ። ከሐዘንተኞቹ ወገን፣ ከመጨረሻው ወንበር ላይ። እሷ ዞር ብላ አላየችውም። ይቅር አልሁህም አላለችው። ለቅሶው እስኪያበቃ እንዲሁ ሆነ፤ እሱ ይመጣል፤ ይቀመጣል፤ ከሁለቱም ወገን የሚያናግረው የለም። ቤት ሲገባ ያስቀመጥሁለትን ቀማምሶ ይተወዋል። አንድ ቀን ግን፣ እማ፣ አበልጅሽ ውኃ አቀብላኝ ነበር ዛሬ አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ።

ልጄን የወሰዱት ድንኳኑ በሚነሣበት ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ከሐጂው ጋር ሸራውን እያጠፉ ነበር። የመጡት የመንግሥት ሰዎች አልጮኹም፤ አልገፈተሩም። ለትንሽ ጥያቄ ነው አሉ። ገመዱን ጠቅልሎ እስኪጨርስ እንኳ ቆመው ጠበቁት። ሲሄድ ወደኔ ዞሮ፣ ሸራው በሌሊቱ ዝናብ ስለራሰ ሳይደርቅ እንዳይገባ አለኝ። ሌላ ነገር አላለኝም። ሐጂው እጃቸውን ለዱዓ ከፍ አድርገው ቆመው ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ዓሣዬን ትቼ ስንቅ ይዤ ወደ እስር ቤቱ በር እሄዳለሁ። ከኔ ጋር ከሚቆሙት እናቶች የብዙዎቹ ልጆች ከዚያኛው ወገን ናቸው ተብለው ነው የታሰሩ። ያንቺው ከየትኛው ነው ሲሉኝ የምመልሰው ያጥረኛል። ካድሬ ነበር ስል ይሸሹኛል። ሐሳቡን ለወጠ ስል ደግሞ፣ አይ፣ እንደሱ ያለው አይታመንም ይላሉ። ሐይቁ ዳር አብረውኝ የሚሠሩት የነገሩኝም ይኼንኑ ነው፤ ጫካ ያሉትም ስሙን ሰምተዋል፤ ነገ ቢወጣም አያምኑትም አሉኝ። እንግዲህ ቢፈታስ የት ነው የሚገባ?

አንድ ቀን የእስር ቤቱ ኃላፊ አስጠሩኝ። ወንበር ሰጡኝ። «እናቴ፣ ይቀመጡ» አሉኝ። ለስላሳ ሰው ናቸው። ልጅዎ ጎበዝ ነው፤ እኛም እናዝናለን፤ ከሰዉ ፊት ቆሞ፣ ድንኳን ይተከል ያልሁት ተሳስቼ ነው፤ ጎረቤት ሆና አዝኜላት ነው ይበል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይገባል አሉኝ። ከዚያ ሳቅ ብለው፣ «አንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ሁለተኛ ቢለውጥ ምን ይከብደዋል? እርስዎ ቢነግሩት ይሰማል» አሉ።

እኔ ደግሞ ተስፋ አደረግሁ። ለምን እዋሻለሁ? እግራቸውን መሳም ነበር የቀረኝ።

አገናኙኝ። ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል። ዘበኛው ፈንጠር ብሎ ቆመልን። የተባልሁትን አንድ በአንድ ነገርሁት። በእኔ ሞት አልሁት። ብቻዬን ነኝ አልሁት። ሲሰማኝ ቆየና እጄን ያዘኝ። እጄ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ እሱ አይጠየፈውም።

«እማ፣ የበፊቱን የለወጥሁት አይቼ ነው። አሁን ብለውጥ ግን ፈርቼ ይሆናል። ያ ደግሞ ለሰው ያስታውቃል።»

ያስታውቅ አልሁት። ሰው ሁሉ ፈርቷል፤ ማን ማንን ይታዘባል አልሁት።

«ያሉኝን ብል አንቺ ደስ ይልሻል?»

«ትወጣለህ» አልሁት።

«እሱን አልጠየቅሁሽም» አለኝ።

ደስ ይለኛል ብል ውሸት አይደለም፤ ልጄ ነው፤ ቤቴ ይገባል። ግን ነጠላዋን ነክሳ የተቀመጠችው አበልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ዘበኛው ሰዓቱ ደረሰ አለ። ልጄ ያለፈውን ስንቅ ባዶ ሳህን አቀበለኝና ገባ።

ሰው ጀግና ወለድሽ ይለኛል፤ በጆሮዬ፣ ማንም እንዳይሰማ አድርጎ። በጀግና አልጽናናሁም። ፈርቻለሁ። ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው የፈራሁ፤ በፊት አንድ ወገን ነበር የምፈራ።

ስወጣ ኃላፊው ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እንዴት ሆነ፣ እሺ አለ? አሉኝ። እምቢ ብሏል ብላቸው ምን እንደሚያደርጉት አላወቅሁም። እሺ ብሏል ብላቸው ደግሞ ነገ ከሰው ፊት ያቆሙታል።

«ያስብበታል» አልኋቸው።

ይህን ካልሁ ሰነበትሁ። ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ እኔም፣ እያሰበበት ነው ጌታዬ፣ ቸኩሎ አያውቅም፣ ከልጅነቱም እንዲያ ነው እላቸዋለሁ። እሳቸውም እስካሁን እሺ ይሉኛል። ነገም ስንቁን ይዤ ስሄድ ይኼንኑ ነው የምላቸው።